ጭምት ሰው፣ ተጫዋች ሰው እና ማኅበራዊ ሚዲያ

ሰርግ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው በቀላሉ ይለያል። አንዱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞረ ሲስም፣ ሲያስቅ፣ ሲጨፍር ያመሻል። ሰው ሁሉ ሊበተን ሲል እንኳ «አሁን ደግሞ የት እንሂድ?» የሚለው እሱ ነው። ሌላው ጥግ ይዞ ከአንድ ዘመዱ ጋር ቀስ ብሎ ያወራል። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ማንም ሳያስቀይመው ይደክመዋል፤ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ ዝም ማለት ያምረዋል።

ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያው ኤክስትሮቨርት፣ ሁለተኛው ኢንትሮቨርት ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ተጫዋች» እና «ጭምት» እንላቸዋለን። ቃላቱ ልክ አቻ ባይሆኑም አንባቢ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው።

ስማርት ስልክ ከተስፋፋ ወዲህ ስለ ጭምት ሰዎች አንድ እምነት አብሮ ተስፋፍቷል። «ሰው ፊት ማውራት ይከብደኛል፣ በቴሌግራም ግን እግባባለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ወላጆችም «ልጄ ዝምተኛ ነው፣ ጓደኞቹ ግን ስልኩ ውስጥ አሉ» ብለው ይጽናናሉ። ማኅበራዊ ሚዲያ በእርግጥ ለጭምት ሰው መፍትሔ ነው? ይህ የጠባይ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጥያቄ ነው። ብቸኝነት ከልብ ሕመም፣ ከስትሮክ፣ ከድብርትና ከጭንቀት ጋር እንደሚያያዝ ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ማኅበራዊ ግንኙነት ብቻ የሚሠራ ኮሚሽን አቋቁሟል።

ጭምትነት ምንድን ነው?

ቃላቱን በሰፊው ያስተዋወቀው የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ስለ ጠባይ ዓይነቶች በሚያወሳ መጽሐፉ። የዩንግ ሐሳብ ባጭሩ፣ የአንዱ ሰው ትኩረት ወደ ውጭው ዓለም፣ የሌላው ወደ ራሱ ውስጥ ያዘነብላል የሚል ነበር። በኋላ ሃንስ አይዘንክ የተባለው ሳይኮሎጂስት ጉዳዩን ከአንጎል ጋር አያያዘው። በእሱ አስተያየት የጭምት ሰው አንጎል በተፈጥሮው ይበልጥ ንቁ ስለሆነ ድምፅ፣ ብርሃንና ግርግር ቶሎ ይሞላዋል። የተጫዋቹ አንጎል ደግሞ ለመነቃቃት ከውጭ ተጨማሪ ይፈልጋል። ዛሬ ያሉ ተመራማሪዎች ይበልጥ የሚያተኩሩት ዶፓሚን በሚባለው ንጥረ ነገር ላይ ነው። ተጫዋች ሰው ሽልማት ሊያስገኝ በሚችል ነገር፣ ለምሳሌ በአዲስ ትውውቅ፣ በሙገሳ፣ በድግስ፣ ይበልጥ ይሳባል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ቢያዙ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ጠባይ እንደ ቁመት ነው፤ ረጅምና አጭር ብቻ የለም፣ አብዛኛው ሰው መሐል ላይ ነው። ሁለተኛ፣ በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በዚህ ጠባይ ረገድ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ልጅን በቁጣ «ተጫወት!» ማለት ብዙም አይለውጠውም። ሦስተኛውና ዋናው፣ ጭምትነት ዓይን አፋርነት አይደለም። ጭምት ሰው ብቻውን መሆን ስለሚመቸው ነው ብቻውን የሚሆነው። ዓይን አፋር ሰው ግን ከሰው ጋር መሆን እየፈለገ ይፈራል። ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፣ ውስጣቸው ግን የተለያየ ነው። ዓይን አፋር የሆነ ተጫዋች ሰውም አለ፤ ምናልባት ከሁሉም ይበልጥ የሚሠቃየው እሱ ነው።

የእኛ ማኅበረሰብ ለሁለቱ ጠባዮች የሚሰጠው ዋጋ እንደ ሰውዬው ይለያያል። ሴት ልጅ ዝም ስትል «ጭምት ናት» ተብላ ትመሰገናለች። ወንድ ልጅ ዝም ሲል «ኩራተኛ ነው» ወይም «የሆነ ነገር ይዞታል» ይባላል። ሴቷ ብትጨነቅ፣ ጭንቀቷ በሙገሳው ሥር ተደብቆ ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ኢንተርኔት የሚጠቅመው ለማን ነው?

ተመራማሪዎች መጀመሪያ ሁለት ተቃራኒ ግምቶች ነበሯቸው። አንዱ «ማካካሻ» የሚለው ነው፦ በአካል መግባባት የሚከብደው ሰው በኢንተርኔት የጎደለውን ይሞላል። ሌላው «ሀብታሙ ይበልጥ ይከብራል» የሚለው ነው፦ በአካልም ብዙ ወዳጅ ያለው ሰው ኢንተርኔትን ሌላ መገናኛ አድርጎ ይጠቀምበታል፤ ወዳጅ የሌለው ግን እዚያም ሄዶ ብቻውን ይቀመጣል።

ሁለቱም ግምቶች ደጋፊ ማስረጃ አላቸው። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ሮበርት ክራውትና ባልደረቦቹ ኢንተርኔት ገና ቤታቸው የገባላቸውን 73 ቤተሰቦች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጥናት ብዙ አነጋግሮ ነበር። ኢንተርኔት አብዝተው የተጠቀሙት ሰዎች ከቤተሰባቸው ጋር የሚያወሩት ቀንሶ፣ ብቸኝነታቸው ጥቂት ጨምሮ ተገኘ። ሆኖም ተመራማሪዎቹ ቆይተው አብዛኞቹን እንደገና ሲጠይቋቸው ጉዳቱ ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው በዚሁ ክትትል ውስጥ በሌሎች አዲስ ተሳታፊዎች ላይ የታየው ነው ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው፦ ተጫዋቾቹ ኢንተርኔት በተጠቀሙ ቁጥር ብቸኝነታቸው ሲቀንስ፣ የጭምቶቹ ግን ተባብሷል።

በዚያው ዓመት ግን ከእስራኤል የወጣ ሌላ ጥናት፣ ጭምት ሰዎች «እውነተኛውን እኔነቴን» በኢንተርኔት ላይ አገኘዋለሁ የማለት ዝንባሌ እንዳላቸው፣ ተጫዋቾች ደግሞ በአካል በሚደረግ ግንኙነት እንደሚያገኙት አሳየ። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። በጽሑፍ ሲሆን ለማሰብ ጊዜ አለ። ፊትዎን የሚያይ የለም። የጻፉትን አጥፍተው እንደገና መጻፍ ይችላሉ። ጭምት ሰው ደግሞ መልሱ የሚመጣለት ሰዎቹ ወደ ሌላ ወሬ ከተሻገሩ በኋላ ነው።

ታዲያ የትኛው ትክክል ነው? እንደኔ እምነት ሁለቱ ጥናቶች አይጣሉም። አንዱ የሚናገረው ጭምት ሰው በስልኩ ላይ ስለሚሰማው ምቾት ነው፤ ሌላው የሚናገረው ከወራት በኋላ በሕይወቱ ስለሚቀረው ነገር ነው። የተመቸን ነገር ሁሉ አይጠቅመንም።

ማየትና መጻፍ አንድ አይደሉም

ማታ አልጋ ላይ ሆነው ሁለት ሰዓት ቲክቶክ ያዩ ሰው «ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ነበርኩ» ይላል። ለእህቷ የድምፅ መልእክት ልካ፣ መልሱን ሰምታ፣ እንደገና የመለሰች ሴትም «ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ነበርኩ» ትላለች። ቃሉ አንድ ነው፤ ለአእምሮ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ በፌስቡክ ተጠቃሚዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ ሳይጽፉና ሳይመልሱ የሌሎችን ሕይወት ዝም ብሎ ማየት ስሜትን እንደሚያወርድ፣ ምክንያቱም ቅናት እንደሆነ አመልክቷል። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ጥናቶች ሁሉ ይህንኑ አላገኙም፤ ማየት ሁሉንም ሰው እኩል አይጎዳም። የሚያስቅ ነገር ማየት የሚጎዳው ሰው ጥቂት ነው። የክፍል ጓደኛ ቤት ሲሠራ፣ ሲመረቅ፣ ካናዳ ሲገባ በተከታታይ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጭምት ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ እዚህ ጋ ነው። በአካል ሲሆን ማዳመጥ ትልቅ ሥራ ነው። ጥግ ይዞ የሚያዳምጠው ሰው ፊቱ ይታያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ተናጋሪው «ይህ ሰው ከእኔ ጋር ነው» ይላል። በማኅበራዊ ሚዲያ ግን የሚያዳምጥ ሰው አይታይም። ስድስት ወር ሙሉ የወዳጁን ፎቶ በፍቅር ሲያይ የከረመ ሰው ለወዳጁ የጠፋ ሰው ነው። «እሱ እንኳ ረሳኝ» ይላል ወዳጁ። ጭምቱ ደግሞ ሁሉንም ስለሚያውቅ የተራራቁ አይመስለውም። ሁለቱ ሲገናኙ አንደኛው ቅያሜ ይዞ፣ ሌላው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ነው።

ተጫዋቾችስ?

ተጫዋች ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ወዳጅ ያፈራል፣ ብዙ ይለጥፋል፣ በጥቅሉም በአካል የነበረውን ግንኙነት ያሰፋበታል። የእሱ አደጋ ሌላ ነው። ሽልማት የሚስበው አንጎል ያለው ሰው እጅ ላይ በየደቂቃው «ላይክ» የሚያስቆጥር መሣሪያ ሲገባ፣ ስልኩን ማስቀመጥ ይከብደዋል። በቲክቶክ ላይቭ ላይ በሞቅታ የተናገረው የቤት ምሥጢር በማግሥቱ ተቆርጦ ይዞራል። ከድግስ የመጣ ወሬ ድግሱ ሲያልቅ ያልቅ ነበር፤ ይኼኛው አያልቅም።

የወዳጅ ብዛትም ያታልላል። የኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ2016 በብሪታንያ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ላይ ባሳተመው ጥናት፣ በአማካይ ከ150 በላይ «ጓደኛ» ያላቸው ሰዎች በከባድ ችግር ጊዜ ልደገፍባቸው እችላለሁ ያሏቸው 4 ያህሉን ብቻ ነበር። የቅርብ ወዳጅ ቁጥር በስልክ አልበዛም። ጭምት ሰው «እኔ እኮ ሦስት ጓደኛ ብቻ ነው ያለኝ» ብሎ ሲያፍር ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

የቤተሰብ ግሩፕ እና ለቅሶ ቤት

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ አሁን የዘመድ አዝማድ ግሩፕ አለ፤ በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ ወይም በቫይበር። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ሪያድ ያለው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ጠዋት ጠዋት የአበባ ሥዕል ያለው «እንዴት አደራችሁ» ይገባል፤ ቀጥሎ ተጫዋቾቹ ይይዙታል። ሃምሳ ሰው ባለበት ግሩፕ የሚያወሩት ሰባት ወይም ስምንት ናቸው። ጭምቱ ያነባል። የጻፈውን ሳይልከው ያጠፋዋል። በመጨረሻም ማሳወቂያውን ዘግቶ ይተኛል። ሰርጉ ተጭኖ ኪሱ ውስጥ የገባ ያህል ነው፤ ጥግ ግን የለውም።

ከዚያ የሞት ወሬ ይመጣል። አክስት አርፈዋል። በደቂቃዎች ውስጥ «ነፍስ ይማር» የሚል መልእክት ይደረደራል፣ ጭምቱም ይጨምርበታል። ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። በአካል የመሄድ ነገር ሲነሳ «ምን ብዬ አወራለሁ?» እያለ ያመነታል፤ ሦስተኛው ቀን ያልፋል፣ ሳምንቱ ያልፋል፣ ከዚያ ወዲያ መሄድ ራሱ ያሳፍረዋል።

የሚገርመው፣ ለቅሶ ቤት ለጭምት ሰው የተሠራ ቦታ ነው። ማንም ተናገር አይልም። ገብቶ፣ እጅ ነሥቶ፣ አጠገባቸው መቀመጥ ይበቃል። ንፍሮ ሲቀርብ ይቆነጥራል፣ ሲመሽ ይሄዳል፤ ሐዘንተኞቹ ግን መምጣቱን ለዓመታት ያስታውሳሉ። የታመመ መጠየቅም እንዲሁ ነው። ቡናም ቢሆን ሥርዓቱ ራሱ ወሬውን ይሸከማል፤ ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ ሲቀዳ ዝም ያለ ሰው ዝም ማለቱ አይታወቅበትም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሳያወሩ አብሮ መሆን የሚቻልበትን ብዙ መንገድ አበጅተዋል። ማኅበራዊ ሚዲያ ያልቻለው ይህንን ነው፤ እዚያ ዝም ያለ ሰው የለም ማለት ነው።

ይህ ሲባል አብሮ መቀመጥ የማይቻልባቸውን አንዘነጋም። በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት በሳምንት አንድ ቀን እንኳ መውጫ ላይኖራት ይችላል። ለእሷ በኢሞ የሚደርሳት የእናቷ ድምፅ የጠባይ ምርጫ ሳይሆን ያላት ብቸኛ ገመድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሥራ እየሠራ በእረፍቱ መኪና ውስጥ ሆኖ አገር ቤት የሚደውለውም እንዲሁ። «ስልክ ቀንሱ» የሚለው ምክር ለእነዚህ ሰዎች አይሠራም። እነሱን የሚጠቅመው በዚያች ሰዓት ከሚያዩት ቪዲዮ ይልቅ የሚደውሉለት ሰው ቢበዛ ነው።

ጭምትነት ወይስ ሕመም?

«ኢንትሮቨርት ነኝ» የሚለው ቃል ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መታወቂያ ሆኗል። ብዙ ሰው ስሙን በማግኘቱ እፎይ ብሏል፤ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ግን መታከም የሚችል ሕመምን በዚህ ስም ሸፍኖ ይኖራል።

የማኅበራዊ ጭንቀት ሕመም ከጭምትነት የሚለየው በፍርሃቱ ነው። ሕመሙ ያለበት ሰው ሌሎች ይታዘቡኛል፣ እዋረዳለሁ ብሎ አጥብቆ ይፈራል። ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሰው ፊት መብላት ወይም መፈረም የሚያስጨንቀው አለ። ከፍርሃቱ የተነሣ ትምህርት ያቋርጣል፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው። እንዲህ ያለው ሁኔታ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየና ኑሮን ካሰናከለ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ራስዎን መጠየቅ የሚችሉት ቀላል ጥያቄ አለ። ከግብዣ ቀርተው ቤትዎ ሲሆኑ የሚሰማዎት እረፍት ነው ወይስ «አሁንስ አመለጥኩ» የሚል ትንፋሽና ከኋላው የሚመጣ ጸጸት? የመጀመሪያው ወደ ጭምትነት፣ ሁለተኛው ወደ ጭንቀት ያዘነብላል። ሌላም ምልክት አለ፦ ጭምት ሰው ስልኩ ላይ ዘና ይላል፣ የማኅበራዊ ጭንቀት ያለበት ግን እዚያም አይድንም። አንዲት መልእክት ለመላክ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለት ሰማያዊ ምልክት አይቶ መልስ ሲዘገይ «ምን አጠፋሁ?» እያለ ያድራል።

ቀድሞ ተጫዋች የነበረ ሰው በድንገት ሰው መሸሽ ከጀመረ ደግሞ ጠባይ ተለወጠ ብሎ ማለፍ አይገባም። ጠባይ በሁለት ሳምንት አይገለበጥም። እንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ የሚወዱት ነገር አለማስደሰት፣ ተስፋ መቁረጥ አብረው ካሉ ድብርት ሊሆን ይችላል። ሞትን መመኘት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ ሰውየውንም ብቻውን አይተዉት።

ምን ማድረግ ይቻላል?

በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት ተማሪዎች ለሦስት ሳምንት ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን እያንዳንዳቸውን በቀን ለ10 ደቂቃ ብቻ እንዲጠቀሙ ተደረገ። ካልቀነሱት ጋር ሲነጻጸሩ ብቸኝነታቸውና የድብርት ስሜታቸው ቀንሶ ተገኘ። ሌሎች ጥናቶች ውጤቱ አነስተኛ እንደሆነ አሳይተዋል፤ ስለዚህ ስልክ መቀነስ ብቻውን ተአምር አይሠራም። የተረፈው ሰዓት የሚገባበት ነገር ነው ወሳኙ።

ጭምት ከሆኑ ትልቁን ግሩፕ ለተጫዋቾቹ ይተዉላቸውና በግል ይጻፉ። ከሃምሳ ሰው ፊት «እንኳን አደረሳችሁ» ከማለት ለአንድ ሰው «የእግርህ ሕመም እንዴት ሆነ?» ማለት ይቀልዎታል፤ የሚጠቅመውም እሱ ነው። ፎቶ አይተው ደስ ካለዎት ዝም ብለው አይለፉ፣ አንድ መስመር ይጻፉ። ከሰው ጋር ለመገናኘት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር ይምረጡ፦ የአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ፣ የዕድር ስብሰባ፣ አንድ ስኒ ቡና። በካናዳ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ጭምት ሰዎች ለጥቂት ጊዜ ተጫዋች ሆነው ቢቆዩ ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው አሳንሰው ይገምታሉ። ግን ልክ አለው፤ በአውስትራሊያ ለአንድ ሳምንት ሙሉ እንደ ተጫዋች እንዲሆኑ የተነገራቸው ሰዎች መሐል በጣም ጭምት የሆኑት ድካምና «ራሴን አይደለሁም» የሚል ስሜት ገጥሟቸዋል። ከሰርግ ማግሥት እረፍት መውሰድ ነውር አይደለም።

ተጫዋች ከሆኑ ከመለጠፍዎ በፊት ጥቂት ይቆዩ፤ ሲተኙ ስልኩን ከአልጋው ያርቁት። ግሩፑ ውስጥ ለወራት ድምፁ ያልተሰማ ዘመድ ካለ በግል ይደውሉለት። «ለምን አታወራም?» ብለው በሁሉም ፊት መጠየቅ ግን ይበልጥ ያስፈራዋል።

ወላጅ ከሆኑ ስልኩን ከመንጠቅዎ በፊት ልጅዎ እዚያ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁ። ከትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር የሚጻጻፍ ልጅና ከማንም ጋር ሳይነጋገር ሌሊቱን ቪዲዮ የሚያይ ልጅ አንድ አይደሉም።

የማኅበራዊ ጭንቀት ሕመም በንግግር ሕክምናና አስፈላጊ ሲሆን በመድኃኒት ይታከማል። የንግግር ሕክምናው የሚፈራውን ነገር በትንሽ በትንሹ እየተለማመዱ ፍርሃቱን ማብረድ ነው። አገር ቤት ላሉ፣ በአዲስ አበባ ከአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሌላ በልዩ ልዩ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ከመኖሪያዎ ጤና ጣቢያ መጀመርም ይቻላል። ከአገር ውጭ ያሉ የቤተሰብ ሐኪማቸውን ሲያነጋግሩ አስተርጓሚ እንዲቀርብላቸው መጠየቅ ይችላሉ። የመጀመሪያው ቀን ማውራት ካቃተዎ የሚሰማዎትን አስቀድመው በወረቀት ወይም በስልክዎ ጽፈው ይሂዱና ለባለሙያው እንዲያነበው ይስጡት፤ ብዙ ታካሚዎች እንዲህ ነው የሚጀምሩት።